ከኦገስታ 13ኛው ሆል የተማርኩት አዛሊያ አተካከል

አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ ባለው ኦገስታ ናሽናል የጎልፍ ሜዳ ላይ 18ቱም ሆሎች (ኳስ ከመነሻው እስከ ጉድጓዱ የሚመታባቸው የሜዳው ክፍሎች) በተክል ስም ነው የሚጠሩት። 13ኛው አዛሊያ ይባላል፤ በፀደይ የሚያብብ ቁጥቋጦ ነው። እዚያ በየዓመቱ ለሚደረገው ትልቁ ውድድር፣ ለማስተርስ፣ የልምምድ ቀን ትኬት በዕጣ ሲደርሰኝ፣ ከአትላንታ የነዳሁት ለዚያ ሆል ስል ነው። ጓሮዬ ውስጥ አዛሊያ ልተክል አስቤ ስለነበር ከመቆፈሬ በፊት በደንብ የበቀለውን ማየት ፈለግኩ።

ሆሉ ወደ ግራ የሚታጠፍ ፓር 5 ነው፤ ማለትም በአምስት ምት እንዲጨረስ የታሰበ። በ2023 ከ510 ወደ 545 ያርድ ረዝሟል። በግራው በኩል ጅረት ይወርድና ግሪኑ (ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሣር) ፊት ለፊት ያቋርጣል። ከጀርባው አዛሊያው ሮዝና ነጭ ሆኖ ተንጣሏል። በጣም ያምራል! ሰዉ አበባውን ፎቶ ያነሳል፤ እኔ ግን ዓይኔ የቀረው መሬቱ ላይ ነው። ረጃጅም ጥዶች ከላይ ፀሐዩን ያበርዱለታል። ከሥር ደግሞ የጥዱ ደረቅ ቅጠል ተጎዝጉዟል።

ቦታው ጎልፍ ሜዳ ከመሆኑ በፊት ፍሩትላንድ የሚባል ችግኝ ጣቢያ ነበር። ባለቤቶቹ ከቤልጂየም የመጡት በርክማንሶች ናቸው። አዛሊያን በአሜሪካ ካስለመዱት አንዱ ፕሮስፐር በርክማንስ ነው።

ቤቴ ስመለስ መጀመሪያ አፈሩን ለካሁ። አዛሊያ አሲዳማ አፈር ይወዳል፤ ፒኤቹ (የአሲድ መለኪያው፣ ዝቅ ሲል አሲዱ ይበዛል) ከ4.5 እስከ 6 ቢሆን ይመረጣል። የጆርጂያ ቀይ አፈር ግን ውሃ ይይዛል፣ የአዛሊያ ሥር ደግሞ ላይ ላዩን ነው የሚሄደው፤ ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል። ስለዚህ ጉድጓዱን ሰፊ እንጂ ጥልቅ አላደረግኩትም። የበሰበሰ የጥድ ቅርፊት ቀላቀልኩበት። ችግኙን ከዕቃው ሳወጣው ሥሩ ተጠምጥሞ ነበር፤ በጣቴ ፈታታሁትና ከመሬቱ ትንሽ ከፍ አድርጌ ተከልኩት። ጉዝጓዙን ግንዱን ሳላስነካ ዙሪያውን አለበስኩት።

እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ስለነበር ከሰል ካነደድንበት አመድ ይዛ ወጣች። «ልጄ፣ ይሄን በተን አርግበት፣ ይወፍርልሃል» አለችኝ። «እማዬ፣ ይሄኛው አመድ አይስማማውም፤ አሲዱን ያጠፋበታል» አልኳት። ጎመኑ ላይ በተነችው፤ እሱ ይወደዋል።

መግረዝ ያሰበ ሰው አበባው እንደረገፈ ይግረዝ። የሚቀጥለው ዓመት እምቡጥ በጋውን ነው የሚቋጠረው። በመኸር መቀስ ያነሳ ሰው የፀደዩን አበባ ቆርጦ ጣለ ማለት ነው።