የወይራ ዘይት በቡና፦ ነገሩ ያለው አቀላቀሉ ላይ ነው

በስኒ የተቀዳ ጥቁር ቡና ላይ የወይራ ዘይት ጠብ አድርጎ በማንኪያ ያማሰለ ሰው የሚያገኘው የታወቀ ነው። ዘይቱ ከላይ ክብ ክብ ሠርቶ ይንሳፈፋል፣ ቡናው ከሥር እንደነበረው ይቀመጣል። የመጀመሪያው ፉት ከንፈርን በቅባት ይለብጣል፤ የመጨረሻው ደግሞ ያው ተራ ቡና ነው። ብዙዎች ሞክረው የሚተውት እዚህ ላይ ነው፣ ጥፋቱንም ለዘይቱ ይሰጡታል። ዘይቱ ግን ምንም አላጠፋም። በፊልተር የወረደ ቡና ከመቶ 98 እጅ በላይ ውሃ ስለሆነ በማማሰል ብቻ ከዘይት ጋር አይዋሃድም።

የሚያስታርቃቸው ወተት ነው። በወተት ውስጥ ያለው ፕሮቲን፣ በተለይ ኬዚን የሚባለው፣ እያንዳንዷን ደቃቅ የዘይት ጠብታ ዙሪያዋን ሸፍኖ እርስ በርስ እንዳይገናኙ ያደርጋል። ስለዚህ ዘይቱ መጀመሪያ የሚገባው ወተቱ ውስጥ ነው፤ ቡናው ኋላ ይመጣል።

ለአንድ ሰው የምንመክረው መጠን ይህ ነው፦ አንድ ድርብ ኤስፕሬሶ፣ 150 ሚሊ ሊትር ስቡ ያልወጣለት ወተት፣ 5 ሚሊ ሊትር ዘይት። 5 ሚሊ ሊትር ማለት አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ነው። የእንፋሎት ቱቦ ያለው ማሽን ካለ፣ ዘይቱን በቀዝቃዛው ወተት ላይ ጨምሮ እንፋሎቱን መልቀቅ ነው። የቱቦውን ጫፍ መጀመሪያ ለጥቂት ሰከንድ ከወተቱ ገጽ አጠገብ ይዞ አየር ማስገባት፣ ከዚያ ዝቅ አድርጎ ወተቱ እንደ አዙሪት እንዲሽከረከር ማድረግ። ዘይቱን የሚበታትነው ይህ መሽከርከር ነው። ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ማቆም ያስፈልጋል። ከ70 ካለፈ ወተቱ የመቃጠል ጣዕም ይይዛል፣ የዘይቱም ጥሩ መዓዛ ተኖ ያልቃል።

ማሽን ከሌለ ወተቱን እዚያው ሙቀት ላይ አድርሶ ከዘይቱ ጋር በብሌንደር ከ20 እስከ 30 ሰከንድ መምታት ይበቃል። ብሌንደሩን ከግማሽ በላይ አትሙሉ፤ ክዳኑንም ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉ። ትኩስ ነገር ሲመታ እንፋሎቱ ክዳኑን ገፍቶ እጅ ያቃጥላል። ፍሬንች ፕሬስ የሚባለው በእጅ የሚገፋ ማጣሪያ ያለው የቡና ማፍያም ይሠራል፦ ማጣሪያውን 30 ጊዜ ያህል በፍጥነት ከፍ ዝቅ ማድረግ ነው። ቡናው የሚፈስበት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አረፋው ከወትሮው ይሳሳል፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው። ያልተበታተነ ዘይት የአረፋውን ስስ ግድግዳ ሰንጥቆ ያፈርሰዋል። አረፋው በደቂቃ ውስጥ ከከሰመና ላይ ላዩን ቢጫ ነጠብጣብ ከታየ በቂ አልተመታም፣ ወይም ዘይቱ በዝቷል። ዘይትን በቀጥታ ኤስፕሬሶ ላይ ማፍሰስም ክሬማውን፣ ማለትም ላዩ ላይ ያለውን ቡናማ አረፋ፣ ወዲያው ያጠፋዋል።

መብዛቱን ካነሳን አይቀር፣ የአሜሪካው የቡና ቤቶች ኩባንያ ስታርባክስ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ጣሊያን ውስጥ «ኦሊያቶ» ብሎ የጀመረው መጠጥ አንድ ሙሉ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ነበረው። ይህ 15 ሚሊ ሊትር ሲሆን ከዘይቱ ብቻ 120 ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ሆዳችንን አላወሰ፣ ወደ መጸዳጃ ቤት አስሮጠን ያሉ ጠጪዎች ጥቂት አልነበሩም። የሚገርም አይደለም። ቡና ብቻውን ትልቁን አንጀት ያንቀሳቅሳል፤ ቅባትም ሐሞት እንዲለቀቅና አንጀት እንዲነቃ ያደርጋል። ሁለቱ በባዶ ሆድ ሲገናኙ ውጤቱ ፈጣን ነው። ኩባንያው በ2024 መጨረሻ መጠጡን ከአሜሪካ ሱቆቹ አነሳው። በእኛ ግምት አንድ የሻይ ማንኪያ ጣዕሙን ለማግኘት በቂ ነው፤ የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ ባይሞክረው ይሻላል።

የዘይቱ ምርጫ ከቡናው ምርጫ ይበልጣል ብንል ማጋነን አይሆንም። ኤክስትራ ቨርጅን (ያለ ኬሚካል የተጨመቀ፣ ያልተጣራ ምርጥ ዘይት) ይሁን፣ ግን ለስላሳውን ዓይነት ፈልጉ። አርቤኪና ከሚባለው የወይራ ዝርያ የሚጨመቀው ለውዝ ለውዝ የሚል፣ ምሬቱ አነስተኛ የሆነ ዘይት ነው። ፒኳል፣ ኮራቲናና ኮሮኔይኪ ጠንካሮች ናቸው፤ ለሰላጣ ግሩም ቢሆኑም ቡና ውስጥ ምሬት በምሬት ላይ ይደርባሉ። ጉሮሮን ቆንጠጥ የሚያደርገው ኦሊዮካንታል የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ እሱ መኖሩ ዘይቱ ገና አዲስ የመሆኑ ምልክት እንጂ ብልሽት አይደለም። ብልሽቱ ሌላ ነው፦ ያረጀ ለውዝ ወይም ሰም ሰም የሚሸት ዘይት አየር፣ ብርሃን ወይም ሙቀት አግኝቶት አርጅቷልና የቡና ሙቀት ሽታውን አጉልቶ ያወጣዋል። ስለዚህ ጠቆር ባለ ጠርሙስ ያለውን ገዝቶ፣ ከተከፈተ በኋላ በሁለት ወር ውስጥ መጨረስ ነው። ቡናውም በመካከለኛ የተቆላ ቢሆን ይመረጣል፤ በጣም የጠቆረው ከዘይቱ ጋር ይመራል።

ወተት የማይጠጣ ሰው ለባሬስታ ተብሎ የሚሸጠውን የአጃ ወተት ይጠቀም። አብዛኛው ሲመረት ዘይት ስለሚገባበት ተጨማሪውን ያለ ችግር ይሸከማል። በጥቁር ቡና ብቻ ለሚል ደግሞ ለ250 ሚሊ ሊትር ቡና ግማሽ ግራም ያህል የሱፍ ሌሲቲን (ዘይትን ከውሃ የሚያዋህድ ንጥረ ነገር) ከዘይቱ ጋር ጨምሮ በብሌንደር መምታት ያስኬዳል። ያለ ሌሲቲንም ብሌንደር ያዋህደዋል፣ ግን ለደቂቃዎች ብቻ።

በረዶ ያለበት ቡና የራሱ ጣጣ አለው። የወይራ ዘይት ሲቀዘቅዝ ይደፈርሳል፣ ይረጋልም፤ በረዶ ላይ በቀጥታ የፈሰሰ ዘይት እንደ ሰም ቅንጣት ሆኖ ጥርስ ላይ ይለጠፋል። መፍትሔው ዘይቱን በክፍል ሙቀት ካለ ወተት ወይም ክሬም ጋር በደንብ መምታትና ቀዝቃዛው ቡና ላይ መደረብ ነው።

ዘይትን በማሽኑ የውሃ ጋን ውስጥ ወይም ከተፈጨው ቡና ጋር የሚጨምሩም አሉ። አይደረግም! ጋኑ ውስጥ የገባ ዘይት ቱቦውን ይለብጣል፣ ጎሚኒውንም ያበላሻል፤ የወረቀት ፊልተር ላይ የፈሰሰው ደግሞ አብዛኛው ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ወተቱ ተመትቶ ሲያልቅ የእንፋሎት ቱቦውን ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ለሁለት ሰከንድ እንፋሎት መልቀቅ ያስፈልጋል። ብሌንደሩና የወተት ዕቃው ደግሞ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠቡ፤ በውሃ ብቻ የተለቀለቀ ዕቃ ላይ የቀረው ቅባት የሚቀጥለውን ወተት አረፋ ይነሳዋል።