«ቀለም አላይም» ያለችኝ ነርስ

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል በነርስ ረዳትነት የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ኮሮና በገባበት ዓመት፣ በፈረንጆች 2020፣ አንድ ያገራችንን አዛውንት እረዳ ነበር። ጣታቸው ላይ ያለው የደም ኦክስጅን መለኪያ 94 በመቶ ያሳያል። እርሳቸው ግን የጀመሩትን ንግግር መጨረስ አቅቷቸዋል። «ልጄ፣ ይህ ዕቃ ደህና ነህ ይለኛል፤ እኔ ግን አየር አጠረኝ» አሉኝ። ለተረኛዋ ነርስ ነገርኳት፤ ቁጥሩን አይታ «ደህና ናቸው» አለች። ደግሜ ጠራኋት፤ መልሷ ያው ነበር። በመጨረሻ ሐኪሙን ራሴ ጠራሁት። ከእጃቸው አንጓ ደም ተወስዶ ሲመረመር ኦክስጅናቸው 86 በመቶ፣ አደገኛ ደረጃ ላይ ወርዶ ተገኘ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጥናት አወጡ። መለኪያው ከ92 እስከ 96 እያሳየ፣ በደም ምርመራ ግን ከ88 በታች የተገኘው በነጮች 3.6 በመቶ፣ በጥቁሮች 11.7 በመቶ ነበር። መሣሪያው ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፎ ደምን ያነባል፤ የጠቆረ ቆዳ ከብርሃኑ የተወሰነውን ስለሚውጥ ቁጥሩ ከእውነቱ ከፍ ሊል ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2013 ያወጣው መመሪያ ለሙከራ የጠየቀው ቢያንስ ሁለት ወይም ከተሞካሪዎቹ 15 በመቶ (ከሁለቱ የሚበልጠውን ያህል) ጥቁር ቆዳ ያላቸው ሰዎችን ነው። ሁለት ሰው! ይህን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ጉዳዩን በስብሰባ ላይ ሳነሳው ያቺው ነርስ አዘነችብኝ። «እኔ ቀለም አላይም፤ በሽተኛ ሁሉ ለእኔ አንድ ነው» አለች። ከልቧ ነው። በዚያ ክፉ ጊዜ ዘመድ መግባት ሲከለከል፣ የስንቱን ሟች እጅ ይዛ እንዳነጋች አይቻለሁ።

እኔም ብሆን እንደ እርሷ አስብ ነበር። አገር ቤት «ጠይሙ»፣ «ቀይዋ» የምንለው ሰውን ለመለየት ብቻ ነው። እዚህ መጥቼ ቅጽ ላይ «ጥቁር» የሚለውን ሳጥን ምልክት አድርጊ ስባል ከብዶኝ፣ ለዓመታት ባዶውን እተወው ነበር። ባላየው የሚጠፋ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን እነዚያ ሐኪሞች ልዩነቱን ያገኙት የበሽተኞቹ ዘር በመዝገብ ላይ ስለተጻፈ ነው። ሁሉም ሰው እንደ እኔ ሳጥኑን ባዶ ቢተወው ኖሮ፣ ያ 11.7 ከማን ወገን እንደሆነ በምን ይታወቅ ነበር?

ለነርሷም ይህንኑ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ፤ ከዚያ በላይ አልተነጋገርንም።

አዛውንቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ በእግራቸው ወጡ። እኔ አሁን ቅጹን እሞላለሁ። ጥቁር ቆዳ ያለው በሽተኛ «አየር አጠረኝ» ካለኝ ደግሞ፣ መለኪያው 95 ቢልም ሐኪም እጠራለሁ።