ጎረቤት ሳይጠየቅ የሚቀየር ቤት

ታናሽ ወንድሜ ደብረ ማርቆስ ያለውን የወላጆቻችንን ግቢ ፔንሲዮን ላድርገው፣ ብር ላክልኝ ሲለኝ መጀመሪያ የጠየቅኩት «ጎረቤት ምን አለ?» ብዬ ነው። «ጋሼ ደግሞ! ጎረቤት ምን አገባው? ካርታው በእኛ ስም ነው» አለኝ። ልክ ነው፣ በእኛ ስም ነው። እኔ ግን በዚያ ሰሞን ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ሕንፃ ጉዳይ ከጎረቤት ጋር እሰጥ አገባ ላይ ስለነበርኩ ነገሩ ገና ከሩቁ ሸተተኝ።

ዋሽንግተን ዙሪያ ያለን ሐበሾች ቤተ ክርስቲያን የምናገኘው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው ለቆት የሄደ ሕንፃ ገዝተን ነው። የሌላ እምነት ጸሎት ቤት የነበረ፣ መጋዘን የነበረ፣ ቢሮ የነበረ። እኛም ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ፌርፋክስ ካውንቲ በሚባለው ወረዳ፣ ባለ ሁለት ፎቅ ቢሮ አገኘን። ከፊቱ ሰፊ ፓርኪንግ አለው፣ እሑድ እሑድ ጭር የሚል። ከኋላው የግል ቤቶች ናቸው። ኮሚቴው «እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው» አለ። እኔም ኮሚቴ ነበርኩ።

ቢሮው ቢሮ ሆኖ ባዶውን ቢቀመጥ ማንም አይናገረውም። ወደ ሌላ አገልግሎት ይቀየር ሲባል ነው ጉድ የሚፈላው። እዚያ አገር በአብዛኛው ቦታ መሬት ለምን እንደሚውል በካርታ ተወስኗል፤ መኖሪያው ለብቻ፣ ንግዱ ለብቻ። ይህ አሠራር ሕጋዊ ነው ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው የፈረደው በ1926 እ.ኤ.አ. ነው፣ ኦሃዮ ውስጥ ባለች ዩክሊድ በምትባል መንደር ጉዳይ። ያኔ ዳኞቹ በግል ቤቶች መሃል የሚሠራን አፓርታማ እንደ ጥገኛ ነው የቆጠሩት። ቤተ ክርስቲያን ለመክፈትም በብዙ ቦታ ልዩ ፈቃድ ማውጣት አለ። ሕንፃው ፊት ለፊት ማስታወቂያ ይተከላል፣ ለአዋሳኞች ደብዳቤ ይላካል፣ ከዚያ ሕዝብ ተሰብስቦ የፈለገ ሁሉ ሦስት ሦስት ደቂቃ ይናገራል።

መጀመሪያ የተጠየቅነው «ስንት መቀመጫ አላችሁ?» ነው። የፓርኪንጉ ስሌት በመቀመጫ ነው የሚወጣው፣ ለአራት መቀመጫ አንድ መኪና ዓይነት። እኛ ደግሞ ቆመን ነው የምናስቀድሰው! ጉዳያችንን የያዘችው የካውንቲው ባለሙያ ግራ ገባት። «ታዲያ ሽማግሌዎቹ?» አለችን። መቋሚያ እንደሚደገፉ ልናስረዳ ሞከርን፤ እሷ ግን ቁጥር ነው የምትፈልገው። በመጨረሻ ወለሉ በካሬ ተለክቶ ስንት ሰው ሊቆምበት እንደሚችል ተሰላ። ቀጥላ የቅዳሴ ሰዓት ጠየቀች። ማኅሌት ሌሊት እንደሚቆም፣ የፋሲካ ቅዳሴ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ እንደሚያልቅ ስንነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ስብሰባው ቀን ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ተነሡ። «የሰፈራችን ጠባይ ይቀየራል» ያሉ ነበሩ። ይህች አነጋገር ምን እንደምትሸፍን የኖረባት ያውቃታል። ከእኛም ወገን «ዘረኞች ናቸው፣ አለቀ» ያለ ነበር። እኔ አላለቀም ባይ ነኝ። አጥሩ ከእኛ ፓርኪንግ ጋር የሚዋሰን አንድ ሽማግሌ ፎቶ ይዞ መጥቶ ነበር። መኪና ሲዞር መብራቱ ቀጥ ብሎ መኝታ ቤቱ እንደሚገባ የሚያሳይ ፎቶ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስት መቶ ሰው መኪና ሲያስነሳ አስቡት። የሰውዬው ጥያቄ የእውነት ጥያቄ ነበር።

ጠበቃችን መታገል እንደምንችል ነገረን። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ፤ የመሬት አጠቃቀም ደንብን ሰበብ አድርጎ የእምነት ቤትን ከሌላ መሰብሰቢያ አሳንሶ ማስተናገድን ይከለክላል። ኮሚቴው ግማሹ ክሱን ወደደው። ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማሩት የእኛ መርጌታ ናቸው «ጎረቤታችንን በፍርድ ቤት ረትተን፣ በማግስቱ ሰላም ለኪ ልንል ነው?» ያሉት። ሳቅን፣ ክሱም ቀረ።

እዚያው ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ሰቨን ኮርነርስ አጠገብ፣ ሐበሻ በሚበዛበት አካባቢ፣ ባለ አምስት ፎቅ ቢሮ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሆኗል፤ የተከፈተው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ነባሩ ትምህርት ቤት በልጆች ተጨናንቆ ነበር፣ ቢሮው ባዶ ነበር፣ ተገናኙ። ስለዚህ ሕንፃ መቀየሩ ለእነሱም አዲስ ነገር አይደለም። ጭቅጭቁ ሁልጊዜ ስለ ዝርዝሩ ነው። እኛም የተፈቀደልን በዝርዝር ነው። በዚያ ሽማግሌ በኩል የእንጨት አጥርና ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፍ ዛፍ፤ ደጅ ድምፅ ማጉያ አለመጠቀም፤ የሌሊት ክብረ በዓላቱን ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ። የበዓላቱን ዝርዝር ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ጥምቀት ቀላል ነው፣ ፋሲካ በየዓመቱ እየዞረ አሳበደኝ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አይቼ ነው ደብረ ማርቆስ የሄድኩት። ሰላም በነበረበት ጊዜ ነው፣ አሁን እንዲህ ብድግ ብሎ መሄድ የት ተገኝቶ።

በእኛም አገር ሕግ የለም አይባልም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ 624 ያኔም የአገልግሎት ለውጥ ያለ ፈቃድ አይደረግም ይል ነበር። ወንድሜም ቢሮ ለቢሮ ሲመላለስ ነበር። የታየለት ግን ካርታውና ፕላኑ ነው፤ የእትዬን ጓሮ ማንም አላየውም። እትዬ አዋሳኛችን ናቸው፣ እናታችን ገበያ ስትውል እኛን ያበሉ ሴት ናቸው። የውሃ ጉድጓዳቸው ያለው በእኛ አጥር ሥር ነው። ወንድሜ አሥራ ሁለት ክፍል ከነሽንት ቤቱ ሲያስብ፣ የፍሳሽ ጉድጓዱ የተሰመረው ልክ በዚያ ጥግ በኩል ነበር። በዓይኔ አየሁት፣ ችካል ተተክሎ ክር ተወጥሮበታል። ከእሳቸው ጉድጓድ በእርምጃ ቢቆጠር እዚህ ግባ የሚባል ርቀት አይደለም።

የዕድሩ ሽማግሌዎች ቡና ላይ አስቀመጡን። ወንድሜ ስለ ሥራ ዕድል፣ ስለ እንግዳ፣ ስለ ከተማው ዕድገት ተናገረ። አንደበቱ ርቱዕ ነው። እትዬ እስኪጨርስ ጠበቁትና «ውሃዬን ተወው፣ ከቧንቧ እቀዳለሁ እንበል። ልጄ፣ ፔንሲዮን ምን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ይህቺ የልጅ ልጄ ማታ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በየት በኩል ትግባ?» አሉት። ወንድሜ አቀረቀረ። ሽማግሌዎቹም አቀረቀሩ፤ አንዳንዶቹ ስለ ፔንሲዮን ከማንም በላይ የሚያውቁ ይመስለኛል።

ወንድሜ ላይ አልፈርድም። ግማሽ ከተማው እንደዚያ እያደረገ እሱን ብቻ ጠይቅ ማለት ይከብዳል። ግን እትዬ ሦስት ደቂቃ ያገኙት እኔ ስለመጣሁና ሽማግሌዎቹ ስላፈሩ ነው። ቢሮው ደብዳቤ አልላከላቸውም። የፈረንጁ ሽማግሌ ፎቶውን ይዞ የሚሄድበት ቦታ ነበረው፣ የእኛዋ እትዬ ግን ችካሉን ያዩት ውሃ ሊቀዱ ሲወጡ ነው።

ፔንሲዮኑ ቀረ። የፍሳሽ ጉድጓዱ በመንገዱ በኩል ተቆፈረ፣ ክፍሎቹ ስድስት ሆኑና ለዩኒቨርሲቲው መምህራን ተከራዩ። ገቢው ወንድሜ ካሰበው በጣም ያነሰ ነው፤ ብር በላክሁ ቁጥር ያነሣብኛል። እትዬ ደግሞ ከተከራዮቹ አንዱ ሬዲዮ ያስጮሃል ብለው ባለፈው ወር አስደውለውልኝ ነበር።