ግድግዳው ሳይቆም ሶፋውን አስቀምጡ

አዲስ አበባ ውስጥ 150 ካሬ ሜትር ቦታ ይዞ ጂ+1 (ምድር ቤትና አንድ ፎቅ ያለው) ቤት ለመሥራት የተነሣ ቤተሰብ ፕላን ሲያሠራ የሚቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት መኝታ ይሁን?» የሚል ነው። መኝታዎቹ ይደረደሩና የተረፈው ቦታ ሳሎን ይባላል። ቤተሰቡ ነቅቶ የሚውለው ግን ሳሎን፣ ምግብ ጠረጴዛና ማዕድ ቤት መካከል ነው። ልጅ ሲጨመር፣ ዘመድ ከአገር ቤት ሲመጣ፣ እናት ወይም አባት አብረው ሊኖሩ ሲገቡ የሚጨናነቀውም እዚያው ነው። እኔ የምመክረው ከዚህ ጀምሮ መኝታዎቹን በኋላ ማስገባት ነው።

በአርማታ ቤት ውስጥ አንዴ ከተሠሩ የማይነቃነቁ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ኮለን (ቋሚው የአርማታ ምሰሶ)፣ ደረጃና የፍሳሽ መስመር። የብሎኬት ግድግዳ ግን ሸክሙን ኮለኑና ቢሙ (አግድሙ የአርማታ ተሸካሚ) ስለያዙለት ከዓመታት በኋላም ሊፈርስ ወይም ሊጨመር ይችላል። ሦስቱን ቤተሰቡ በጣም በሚበዛበት ጊዜ ልክ፣ ግድግዳውን ደግሞ ዛሬ በሚበቃችሁ ልክ አቅዱ። ወደፊት ፎቅ ላይ ግድግዳ ልትጨምሩ ካሰባችሁ የት እንደሚሆን ለመሐንዲሱ አሁኑኑ ንገሩት፤ ከሥሩ ቢም ያስገባል። ሳይነገረው የተሠራ ሶሌታ (የፎቁ የአርማታ ወለል) ላይ በኋላ ብሎኬት ቢደረደር ሶሌታው ሊጎብጥና ሊሰነጠቅ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ልኬቱ ላይ ነው። ፕላን ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ከግድግዳ መሐል እስከ ግድግዳ መሐል ነው። የ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት በሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር ሲለሰን 24 ይሆናል፤ ስለዚህ 4.20 የተባለው ሳሎን ውስጡ 3.96 ነው። አሁን ዕቃውን አስገቡ። ፊት ለፊት የሚቀመጡ ሁለት ሶፋዎች ጥልቀታቸው 90፣ 90 ሳንቲ ሜትር ነው። መሐል ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠረጴዛ፣ በጠረጴዛውና በሶፋዎቹ መካከል ደግሞ ለእግር 45፣ 45 ይተው። ድምሩ 3.30 ሜትር ነው። ከአንዱ ሶፋ ኋላ ወደ ውስጥ የሚያሳልፍ መንገድ ካለ 90 ሳንቲ ሜትር ያስፈልገዋል፤ የተረፈው ግን 66 ብቻ ነው። ትሪ የያዘ ሰው በጎኑ ካልሆነ አያልፍም። የጎደለችው 24 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ላይ በአንድ መስመር የምትስተካከል ነበረች፤ አርማታው ከተሞላ በኋላ ግን አትገኝም።

ስለዚህ አርክቴክቱን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ የውስጥ ለውስጥ ንጹሕ ልኬት፣ እና ዕቃውና ኮለኑ አንድ ወረቀት ላይ አብረው እንዲሳሉ። የኮለኑ ነገር ቀላል አይደለም። 30 በ30 የሆነ ኮለን ከ20 ግድግዳ ውስጥ 10 ሳንቲ ሜትር ይወጣል፤ ቡፌው ወይም ቁም ሳጥኑ ሊቀመጥበት የታሰበው ጥግ ላይ ከወጣ ዕቃው አይገጥምም። ትርፉን ወደ ውጭ ወይም ወደ ኮሪደር በኩል ማዞር ይቻላል። መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ደግሞ ሳሎኑን ቦታው ላይ በኖራ አስምሩና የሶፋውንና የጠረጴዛውን ልክ በውስጡ ሥሉ። ከዚያ ሁለት ሰው ተቀምጦ ሦስተኛው ይለፍ።

ሳሎንን ከጥበት ይልቅ የሚገድለው የበር ብዛት ነው። ዋናው በር፣ የማዕድ ቤቱ፣ የሻወር ቤቱ፣ የሁለት መኝታ በሮች ሁሉ ሳሎን ላይ ሲከፈቱ 27 ካሬ ሜትር የሆነ ሳሎን እንኳ ሰፊ ኮሪደር ሆኖ ይቀራል። አንድ በር ከነመወዛወዣው ቢያንስ አንድ ሜትር ግድግዳ ይበላል። በሮቹን በአንድ ጥግ ሰብስቡና 1.20 ሜትር ስፋት ባላት ትንሽ መተላለፊያ አገናኟቸው። ሁለት ግድግዳዎች ያለ በር ሙሉ ሆነው ከቀሩ ሶፋም፣ የዓረብ መጅሊስም፣ ቴሌቪዥንም ቦታ ያገኛል። የሽንት ቤት በር ወደ ምግብ ጠረጴዛው እንዳይዞር እለምናችኋለሁ፤ ስንት ያማረ ቤት በዚህ ተበላሽቷል።

ስድስት ሰው የሚያስቀምጥ ጠረጴዛ 1.60 በ90 ሲሆን ወንበር ተስቦ ሰው እንዲያልፍ በየጎኑ 90 ይጨመርበታል። ለሚያድግ ቤተሰብ የስምንቱን ቦታ ያዙ፤ ጠረጴዛው ራሱ በኋላ ይገዛል። በዓል ሲሆን በመሶብ ዙሪያ ለመቀመጥ ሶፋውን ሳይነኩ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ክፍት ወለል ማግኘት ጥሩ ነው። ቡና የሚፈላበትን ጥግ ወለሉን ሴራሚክ አድርጉት፤ ምንጣፍ አይግባበት። ከአጠገቡ የሚከፈት መስኮት፣ ከፊት ለፊቱም ሌላ አየር ማስወጫ ይኑር። የከሰል ጭስ ቢጠፋም ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከፍሙ መውጣቱን አያቆምም። በዝግ ቤት፣ በተለይ ሕፃን ባለበት፣ ከሰል አይነድም።

ማዕድ ቤቱ ከሳሎኑ በግማሽ ግድግዳ ወይም በሰፊ መስኮት ቢገናኝ ምግብ የሚሠራው ሰው ልጆቹን እያየ ይሠራል። የሽንኩርትና የበርበሬ ሽታ ሶፋው ላይ እንዳያርፍ ግን የሚዘጋ ተንሸራታች መስታወት ያስፈልገዋል። ውጭ ሰርቪስ ቤት ካላችሁ የወጥ ቁሌቱንና ምጣዱን ወደዚያ አውጡት፤ ከሰርቪስ ቤቱ እስከ ማዕድ ቤቱ በር ያለው መንገድ ግን ይሸፈን፤ አለዚያ ክረምቱን ሙሉ እንጀራ በዝናብ መካከል ይመላለሳል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ በአማካይ 3,500 ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፔር ነው። ከተራ ሶኬት ጋር በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ከተገናኘ ሶኬቱ እየጋለ ሊቀልጥ ይችላል። ከብሬከር ሳጥኑ ለብቻው የሚወጣ የ4 ሚሊ ሜትር ካሬ መስመርና የ20 አምፔር ብሬከር አሠሩለት። የምጣዱ ቦታ ከውጭ ግድግዳ ጋር የተጠጋ፣ ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ከፍታው ከመደርደሪያው ዝቅ ብሎ 70 አካባቢ ይሁን፤ ሊጥ የሚያፈስ ሰው ክንዱን ሽቅብ አንሥቶ መሥራት የለበትም። ክዳኑ የሚነሣበትን ቦታና የእንፋሎቱን መውጫም አስቡ፤ አለዚያ የላይኛው ቁም ሳጥን እንጨት በጥቂት ጊዜ ያብጣል።

ምድር ቤት ላይ አንድ መኝታ ከነሻወሩ ይኑር። ዛሬ የእንግዳ ወይም የሞግዚት ክፍል ይሆናል፤ ነገ ጉልበታቸው ለደከመ እናት ወይም አባት። 3 በ3.30 ሜትር ንጹሕ ልኬት ይበቃዋል። በሩ 90 ሳንቲ ሜትር፣ የሻወሩ ወለል ያለ እርከን ወደ ፍሳሹ ያዘነበለ፣ የሻወሩ በር ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን። ሰው ውስጥ ቢወድቅ ወደ ውስጥ የሚከፈተውን በር የወደቀው ሰው ራሱ ያግደዋል።

ደረጃውን ከዋናው በር አጠገብ አስጀምሩት። ከወለል እስከ ወለል 3.06 ሜትር ከሆነ 17 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው 18 እርከኖች ይወጡታል። መርገጫው 28 ሆኖ በሁለት ታጥፎ ሲሠራ 2.20 በ4.25 ሜትር ቦታ ይበቃል። ከሳሎን መሐል የሚነሣ ደረጃ ለዓይን ያምራል፤ ፎቁን ለብቻው ማከራየት ወይም ላገባ ልጅ መስጠት የተፈለገ ቀን ግን ቤቱን ለሁለት መክፈል አይቻልም። የፎቁን ሻወር ቤት ከምድሩ ማዕድ ቤት ወይም ሻወር በላይ ማድረግ ፍሳሹን በአንድ መስመር ያወርዳል፤ ወደፊት ፎቅ ላይ ትንሽ ማዕድ ቤት ለመጨመርም በር ይከፍታል። በደረጃው መከላከያ ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ብረቶቹም ቁም ይሁኑ። አግድም ከሆኑ ሕፃን ይወጣባቸዋል።

ፎቅ ላይ ደረጃው የሚያልቅበትን ቦታ ባዶ ኮሪደር አታድርጉት። ከ9 እስከ 10 ካሬ ሜትር፣ የራሱ መስኮት ያለው የቤተሰብ ቦታ ይውጣው። አንድ ልጅ ለማጥናት 1.20 ሜትር ርዝመትና 60 ጥልቀት ያለው ጠረጴዛ ይበቃዋል። መስኮቱ በምሥራቅ በኩል ቢሆን የጥቅምትና የኅዳር ጠዋት ብርድ ይሰበርበታል። ድሬዳዋ ወይም አዋሽ ለሚሠራ ሰው ምክሬ ሌላ ነው፤ እዚያ ጥላና ነፋስ ይቅደም። ይህ ቦታ አንድ ቀን ተጨማሪ መኝታ እንዲሆን ከፈለጋችሁ መብራቱና ሶኬቱ የራሱ ማብሪያና መስመር ይኑረው፤ ያኔ የሚቀረው ግድግዳና በር ብቻ ይሆናል።

ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ (የውኃ ማጠራቀሚያ ታንከር) ግዴታ ነው። 2,000 ሊትር የሚይዘው ሲሞላ ሁለት ቶን ይመዝናል። ሳሎን ላይ ባለው ሶሌታ መሐል አይቀመጥ፤ ኮለን ካለበት አጠገብ፣ መሐንዲሱ አስልቶ በፈቀደው ቦታ ይሁን።

ግንባታው ከተጀመረ በኋላ ግድግዳ ማዛወር ካማራችሁ ግንበኛውን ከማዘዛችሁ በፊት የጸደቀውን ፕላን አሻሽሉ፤ ከፈቃዱ ውጭ የተሠራው በቁጥጥር ጊዜ ሥራውን ያስቆማል። ልስኑ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ የኤሌክትሪክና የውኃ ቱቦ የተቀበረበትን እያንዳንዱን ግድግዳ ሜትር ዘርግታችሁበት ፎቶ አንሡ፤ አዲስ በር የሚወጣበት ወይም መደርደሪያው የሚሰቀልበት ቀን ሲመጣ መሰርሰሪያው ቱቦውን እንዳያገኘው።