የእንግሊዝኛ አናባቢዎች ለልጆች፦ ከየት ይጀመር?

ፊደል ቆጥሮ ያደገ ልጅ አንድ ምልክት አንድ ድምፅ እንዳለው ያምናል። የ«ሀ ሁ» ገበታ ያስተማረው ይህንኑ ነው። እንግሊዝኛ ግን በ5 አናባቢ ፊደላት ወደ 20 የሚጠጉ ድምፆችን ይጽፋል። «ሜክ»ን (make) «ማኬ» ብሎ ቢያነብ ሰንፎ አይደለም።

ደሴም ሆነ ወልዲያ፣ ከቃል መጨረሻ ከምትቀመጠው ድምፅ አልባ «ኢ» (e) መጀመር ያዋጣል። ከካርቶን የፊደል ካርዶች ቁረጡ። የ«ኪት»ን (kit) 3 ፊደላት ደርድሩና ልጁ ያንብብ፤ «ኢ»ን ከኋላ ሲጨምር «ካይት» (kite) ይሆናል። «ፒን» «ፓይን»፣ «ካፕ» «ኬፕ»። ካርዷን ራሱ ያንሳት፣ ራሱ ይመልሳት። «ሃቭ» (have) እና «ጊቭ» (give) ከሕጉ ያፈነግጣሉ፤ እንግሊዝኛ ቃል በ«ቪ» (v) መጨረስ ስለማይወድ ነው «ኢ» የገባችው።

ቀጥሎ ጥንድ ፊደላቱ፦ «ኤ» እና «አይ» (ai) በቃል መሐል (ሬይን፣ rain)፣ «ኤ» እና «ዋይ» (ay) መጨረሻ ላይ (ዴይ፣ day)። ይህ ብዙ አያስቸግርም።

የሚያስቸግረው መርከብ (ship) እና በግ (sheep) ነው፤ ሁለቱም «ሺፕ» ሆነው ይሰማሉ፣ አማርኛ ሣልሱ አንድ ነውና። ጆሮ ሳይለይ ቃል ማጻፍ ድካም ብቻ ነው። ሁለቱን ሥዕሎች አስቀምጡ፤ ለበጉ ከንፈር ተለጥጦ ድምፁ ይረዝማል፣ ለመርከቡ ላላ ብሎ ያጥራል። እናንተ ቃሉን ጥሩ፣ ልጁ ሥዕሉን ይጠቁም።

ሳምንቱን በ6 ቃላት ፈትኑ፤ አንዱ ልጁ አይቶት የማያውቀው ይሁን። ያለዚያ የምትፈትኑት ሽምደዳውን ነው።