ጨርቁ ላይ የቀረው ጥቁር

በጥንታዊ የጦር መሣሪያዎች እንክብካቤ ክፍል ሥራ በጀመርኩ በአራተኛው ወር ገደማ አንድ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ለጽዳት ተሰጠኝ። ባለቤቱ ከአያቱ የወረሰው ሲሆን የጠየቀውም ትንሽ ነገር ነበር፤ አቧራው ተጠርጎለት፣ ዝገት የሚከላከል ነገር ተቀብቶ እንዲመለስለት። እኔ ግን ከተጠየቀው በላይ ሠርቼ ማስደነቅ ፈለግሁ።

እንደ ደንቡ ጠመንጃውን ከማጠፊያው ከፍቼ በሁለቱም በኩል ጥይት አለመኖሩን በዓይኔም በጣቴም አረጋገጥኩ። ከዚያም አፈሙዞቹን ከሰደፉ ለይቼ ፎጣ ላይ አጋደምኳቸው። በግራው አፈሙዝ ላይ አንድ ስንዝር የሚሆን ቦታ ወደ ቡናማ ያደላ ወይን ጠጅ መልክ ይዞ ስለነበር ዝገት ነው ብዬ ደመደምኩ። ለነሐስ ዕቃ የምንጠቀምበትን መወልወያ ክሬም ከመሳቢያ አውጥቼ በለስላሳ ጨርቅ ማሸት ጀመርኩ። ጨርቁ ወዲያው ጠቆረ። ጥቁሩ በወጣ ቁጥር የዘመናት እድፍ የለቀቀ እየመሰለኝ ደስ ይለኝ ነበር። ጨርቁን እያገላበጥኩ፣ ሲሞላም እየለወጥኩ ሃያ ደቂቃ ያህል አሸሁ። ቀና ብዬ በመስኮቱ ብርሃን ሳየው ያሸሁት ቦታ እንደ ማንኪያ ነጭ ሆኖ ያበራል። ቀሪውን ነገ አመሳስለዋለሁ ብዬ፣ በባዶ እጄ አንስቼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩትና ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት በነጩ ቦታ ላይ የአውራ ጣቴ አሻራ፣ መስመሮቹ አንድ በአንድ እስኪቆጠሩ ድረስ፣ በብርቱካናማ ዝገት ተስሎ አገኘሁት።

የክፍሉ ኃላፊ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ሲመጡ መጀመሪያ ያነሱት ጠመንጃውን ሳይሆን ጨርቁን ነበር። ጥቁሩን በሁለት ጣታቸው መካከል አሻሽተው፣ «ይኼ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«እድፍ ነው ጋሼ።»

አልመለሱልኝም። አፈሙዞቹን ገልብጠው በፊተኛው እንጨት ተሸፍኖ የኖረውን ክፍል አሳዩኝ፤ እጅና ብርሃን ያልነካው ስለሆነ ከተሠራበት ቀን ያልራቀ ጥልቅ ሰማያዊ ያዘለ ጥቁር ነበር። ጨርቄ ላይ የነበረው አብዛኛው ጥቁር ይኸው ራሱ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ።

በሙያው ብሉዊንግ የሚባለው ይህ መልክ እንደ ቀለም ከላይ የተቀባ አይደለም። የብረቱ ገጽ ራሱ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ማግኔታይት የተባለ ጥቁር ኦክሳይድ ሲሆን የሚገኝ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት በአማካይ 70 ማይክሮን ሲሆን የዚህ ልባስ ግን ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው፤ በውስጡ ደቃቅ መፋቂያ ላለው ክሬም ሃያ ደቂቃ ትርፍ ነው። እኔ ዝገት ያልኩት ወይን ጠጅ መልክም አሮጌ ልባስ በእድሜ የሚይዘው፣ ብረቱን የማይበላ የረጋ መልክ ነበር። ለመለየት የሚያስፈልገው ነጭ ጥጥ በቀጭን ዘይት ነክሮ ቦታውን በቀስታ መጥረግ ብቻ ነው፦ ጥጡ ብርቱካናማ ዱቄት ይዞ ከመጣ ዝገቱ ሕያው ነው፤ ንጹሕ ከሆነ እጅን መሰብሰብ ይገባል። ይህን አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሙከራ ሳላደርግ ነው ሃያውን ደቂቃ ያጠፋሁት።

«እንደገና እናጥቁረው» ብዬ ስጠይቅ፣ እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ ባልደረባ አስረዱኝ፤ ይህም ይበልጥ አሳፈረኝ። ፈጣኑ መንገድ ብረቱን 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሚፈላ የኮስቲክ ሶዳና የናይትሬት ውህድ ውስጥ መንከር ነው። ነገር ግን የእንዲህ ዓይነት አሮጌ ጠመንጃ አፈሙዞች እርስ በርስ የተያያዙት በስታኞ፣ ማለትም በእርሳስና በቆርቆሮ ቅልቅል በመሆኑ፣ ውህዱ መጋጠሚያውን ይበላዋል። ተስማሚው የጥንቱ አሠራር ነው፤ ብረቱን ሆን ብሎ በስሱ ማዛግ፣ በንጹሕ ውሃ ቀቅሎ ቀዩን ወደ ጥቁር መለወጥ፣ እንደ ጥጥ በላላ ቀጭን ሽቦ መጥረግ፣ ይህንኑም ስድስትም ስምንትም ጊዜ መደጋገም። ያም ሆኖ መልኩ እኩል እንዲወጣ አፈሙዙ ሁሉ አስቀድሞ መወልወል አለበት፤ ሲወለወል ደግሞ የሠሪው ጽሑፍና የፍተሻ ማኅተሞቹ አፋፋቸውን ያጣሉ። በአጉሊ መነጽር ስናይ እኔ ያሸሁት አጠገብ ያለችው የመጀመሪያዋ ፊደል ከወዲሁ ጠርዟ ተለስልሶ ነበር። በሴሌኒየም ውህድ ሳይሞቅ የሚቀባው ማጥቆሪያም ነበረን፤ ነገር ግን ከዙሪያው ጋር እምብዛም አይመሳሰልም፣ ቶሎም ይለቃል።

ባለቤቱን እኔው ደውዬ ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ ሌላ ነገር እንዳይነካ፣ ቦታው እንዳለ እንዲጠበቅ ብቻ ጠየቀ። ስለዚህ አሻራውን በዘይት አርሰን፣ ከብረቱ በሚለሰልስ የነሐስ ስለት ጫፍ ቀስ እያልን አነሳን፤ ዘይቱን ጠርገን፣ በጓንት ይዘን ማይክሮክሪስታላይን የተባለውን፣ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣ ሰም በስሱ ቀባን። በሙዚየሞች የተለመደው የዚህ ሰም ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በብሪቲሽ ሙዚየም ቤተ ሙከራ የተዘጋጀ ነው። እኔ ለተቀማጭ መሣሪያ ከዘይት ይልቅ ሰምን እመርጣለሁ፤ ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ጠመንጃው ቆሞ ከተቀመጠ ደግሞ ወደ ሰደፉ ሰርጎ እንጨቱን ያጠቁረዋል፣ ያልመዋልም። የሰደፉ እንጨት ገጹ በተልባ ዘይት የተቀባ ስለነበር እሱንም በደረቅ ጨርቅ ብቻ ጠርገን ተውነው። ከጠመንጃው ጋር የመጣውን ቆንጆ የቆዳ ማኅደር ለብቻው አስቀመጥነው፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ የተለፋበትም አሲድ ብረት ይበላል። ስንቱ መሣሪያ በገዛ ማኅደሩ ውስጥ እንደተበላ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት አይቻለሁ።

በመጨረሻ የመዝገብ ካርዱን መሙላት ነበረብኝ። የጉዳቱን ቦታ፣ ርዝመቱንና ስፋቱን በሚሊሜትር ለክቼ ጻፍኩ። «ምክንያት» ከሚለው ፊት ለፊት «እርጅና» ብዬ ጀመርኩ። ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ነበር፤ ምንም አልተናገሩም። ሰረዝኩትና «የመወልወያ ክሬም፣ በባለሙያው ስሕተት» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።