ኢሜይልን ከቤት ማስተናገድ፦ ከኮዬ ፈጬ ያገኘሁት ልምድ

የቤተሰቤንና የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ የኢሜይል አድራሻዎች በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ ባስቀመጥኩት ሰርቨር ማስተናገድ ስጀምር፣ የሰሙ ወዳጆቼ ሁሉ ያነሱት ጥያቄ «መብራት ሲጠፋስ?» የሚል ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ከሚታሰበው ይቀላል። ኢሜይል የሚጓጓዝበት ኤስኤምቲፒ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ ደንብ ሲሆን፣ ላኪው ሰርቨር ተቀባዩን ባጣው ጊዜ ደብዳቤውን በወረፋ ይዞ ደጋግሞ ይሞክራል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የታደሰው የደንቡ ጽሑፍም ላኪው ተስፋ ከመቁረጡ በፊት ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ቀናት እንዲጠብቅ ይጠይቃል። ስለዚህ ቀትር ላይ ጠፍቶ ማታ የሚመጣ መብራት ደብዳቤን ያዘገያል እንጂ አያጠፋም። መብራት ሲመለስ በሰርቨሩ ላይ ደብዳቤ የሚቀበለውንና የሚልከውን ፕሮግራም፣ የፖስትፊክስን መዝገብ ብከፍት፣ ሲጠባበቁ የዋሉት ደብዳቤዎች የተጻፉበት ሰዓት ቀትር፣ የደረሱበት ሰዓት ምሽት ሆኖ ተራ በተራ ሲገቡ አያለሁ።

ከባዱ ሥራ መላክ ነው። የቤት ኢንተርኔት መስመር የቁጥር አድራሻ (አይፒ) ይለዋወጣል፤ አንዱን አድራሻ ብዙ ደንበኞች የሚጋሩበት ጊዜም አለ። ከቁጥሩ ተነስቶ የሰርቨሩን ስም የሚመሰክረውን የተገላቢጦሽ ዲኤንኤስ መዝገብም የሚያስተካክለው የመስመሩ አቅራቢ እንጂ ተጠቃሚው አይደለም። እንዲህ ካለ አድራሻ የተነሳን ደብዳቤ ትልልቆቹ ተቀባዮች ወይ ይመልሱታል፣ ወይ ወደ ስፓም ይጥሉታል። በዚህ ምክንያት ቋሚ አድራሻ ያለው አነስተኛ ሰርቨር ውጭ አገር ተከራየሁ፤ ከቤት ወደዚያ ዋየርጋርድ በተባለ ፕሮግራም የተመሰጠረ መስመር ዘረጋሁ። መስመሩን የሚከፍተው የቤቱ ሰርቨር ስለሆነ የአድራሻው መለዋወጥ አያውከውም፤ የኪራዩ ሰርቨርም በር ብቻ ነው፣ አንድም ደብዳቤ አያስቀምጥም።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምመክረው ነገር አለ። በፖርት 25 (ሰርቨሮች ደብዳቤ በሚቀባበሉበት የግንኙነት ቁጥር) የሚገባው ትራፊክ በዚያ በር ሲያልፍ የላኪው ሰርቨር ትክክለኛ አይፒ አድራሻ እንደተጠበቀ እስከ ቤት መድረስ አለበት። አድራሻው በበሩ አድራሻ ከተተካ የስፓም ማጣሪያው ሁሉንም ላኪ አንድ አድርጎ ያያል፤ ከዚያም በላይ ፖስትፊክስ የውስጡን መስመር እንዲያምን ከተደረገ፣ ማንኛውም የውጭ ሰው በእኛ ስም እንዳሻው እንዲልክ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል።

ኤስፒኤፍንና ዲኪምን አለማሟላት ዛሬ የሚታሰብ አይደለም፤ የመጀመሪያው በስማችን መላክ የሚፈቀድላቸውን ሰርቨሮች የሚዘረዝር መዝገብ፣ ሁለተኛው በየደብዳቤው ላይ የሚቀመጥ ዲጂታል ፊርማ ነው። ጂሜይልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ለማንኛውም ላኪ ቢያንስ ከሁለቱ አንዱን ግዴታ አድርገዋል፤ በብዛት ለሚልኩ ደግሞ ሁለቱንም ከዲማርክ (ፍተሻውን ያላለፈ ደብዳቤ ምን እንደሚደረግ ለተቀባዩ ከሚነግር መመሪያ) ጋር ይጠይቃሉ። እኔ የምልከው ጥቂት ቢሆንም ሦስቱንም አሟልቻለሁ።

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) የገዛሁት ሰርቨሩን ሌሊቱን ሙሉ ለማቆየት ሳይሆን፣ ዲስኩ በመጻፍ ላይ እያለ ኃይል ተቋርጦ እንዳይበላሽ በሥርዓት የሚዘጋበትን ጊዜ ለማግኘት ነው። የደብዳቤዎቹ የተመሰጠረ ቅጂም በየሌሊቱ ወደ እህቴ ቤት ይላካል።

የኢሜይል ፕሮግራም ስመርጥ ያስቀደምኩት ሰርቨሩ ሲጠፋም የቆየ ደብዳቤ ማንበብና በአማርኛ መፈለግ መቻሉን ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ጽሑፍ በኮምፒውተር በሚቀመጥበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው ሥርዓት 3 ባይት ይይዛል፤ ደብዳቤውም አብዛኛውን ጊዜ ለጉዞ እንደገና ተቀይሮ ስለሚቀመጥ፣ በሰርቨሩ ፋይሎች ላይ የአማርኛ ቃል በቀጥታ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። የመረጥኩት የኢሜይል ፕሮግራም ተንደርበርድ ግን በአይማፕ (ደብዳቤን በሰርቨሩ ላይ እንዳለ ለማንበብ በሚያስችለው ደንብ) የሚያገኛቸውን ደብዳቤዎች ቅጂ በላፕቶፑ ላይ ስለሚያኖር በጨለማም ይፈልጋል። ያም ሆኖ «ጸሐፊ» ብዬ ስፈልግ «ፀሀፊ» ተብሎ የተጻፈውን አያመጣልኝም፤ ስለዚህ በሁለቱም አጻጻፍ እፈልጋለሁ፣ የኮሚቴው አባላትም የቃለ ጉባኤ ርዕሶችን በአንድ ወጥ አጻጻፍ እንዲጽፉ ተስማምተናል። አባላቱ በስልክ የሚጠቀሙት ኬ-9 ሜይል የተባለውን የኢሜይል መተግበሪያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የአንድሮይዱ ተንደርበርድ በእርሱ ላይ ተመሥርቶ ስለወጣ ወደዚያ ለመሻገር አልተቸገሩም።